ዲግሪው ለየትኛው አገልግሎት እንደሚያበቃ አስቀድማችሁ ንገሩን

ለነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችና ለሴሚናሪዎች የቅበላ ጽሕፈት ቤቶች
ግልባጭ፦ እጩ መርጠው ለትምህርት ለሚልኩ አብያተ ክርስቲያናት

ክቡራንና ክቡራት፣

ለአገልግሎት የታጩ ሰዎችን አነጋግሮ የድጋፍ ደብዳቤ በሚጽፍ የአጥቢያ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ልባቸውን ወስነው ነው። ስለ ጥሪያቸው በቅንነት ይናገራሉ፤ ያንን አልጠራጠርም። ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ ግን ትምህርት ቤታችሁን የምታስተዋውቁበትን መግለጫ ከቦርሳቸው ያወጡና "እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ትምህርት ቤት ይመርጡ ነበር?" ይሉኛል። እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ "ስትጨርስ የሚሾምህ ማን ነው? የሚቀጥርህስ? እነርሱ የሚጠይቁትን መስፈርት አንብበሃል?" ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም። የማመልከቻ ክፍያ የተቀበላችሁት እናንተም አልጠየቃችኋቸውም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንድትጠይቋቸው ነው።

በቅርቡ አንድ እጩ ያመጣውን መግለጫ አብረን ገለጥነው። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። በሽፋኑ ላይ ሦስት ተማሪዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ መካከላቸው የተከፈተ መጽሐፍ አለ፤ ወደ መጽሐፉ የሚያይ ግን አንድም የለም። ገለጥ ሲደረግ የዲግሪዎቹ ስም ተደርድሯል፦ ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ፣ ማስተር ኦፍ አርትስ በክርስቲያናዊ አመራር፣ ማስተር ኦፍ ቲኦሎጂካል ስተዲስ፣ ማስተር ኦፍ ቲኦሎጂ፣ ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ። በየስማቸው ሥር የተጻፈው ማብራሪያ እንደ መንታ ልጆች ይመሳሰላል። ሁሉም ብቁ መሪ ያፈራሉ፤ ሁሉም ለሚለዋወጥ ዓለም ያዘጋጃሉ። ልጁ ጣቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሳለፈ "ይህኛው አጭር ነው፤ እሱን ልያዝ መሰለኝ" አለ። በመግለጫው ውስጥ ካገኘው መረጃ ለምርጫ የሚረዳው ርዝመቱ ብቻ ነበር፤ በእርሱ ልፈርድበት አልችልም።

ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በአሜሪካና በካናዳ ለነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው ማኅበር ለማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ፣ ማለትም ለአጥቢያ መጋቢነት በተለመደው ዲግሪ፣ ቢያንስ 72 የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል። በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው ሦስት ዓመት ያህል ማለት ነው። ለማስተር ኦፍ አርትስ ዝቅተኛው 36 ክሬዲት ነው፤ ልክ ግማሹ። ማስተር ኦፍ ቲኦሎጂ በ24 ክሬዲት ሊያልቅ ይችላል፤ ነገር ግን መሠረቱን አስቀድሞ የጣለ ሰው የሚጨምረው ጥናት እንጂ ጀማሪ የሚገባበት አይደለም። ማስተር ኦፍ ቲኦሎጂካል ስተዲስ በአብዛኛው ወደ ምርምር ለሚያዘነብል ሰው የሚስማማ ነው። ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ ደግሞ በአገልግሎት የቆየ ሰው ሥራውን የሚመረምርበት ሙያዊ ዲግሪ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ዘንድ የፒኤችዲን ቦታ አይተካም። ይህን "ዶክተር" የሚል ማዕረግ አይተው ብቻ የሚመዘገቡ አሉ። 

ስሙ ራሱ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። በአሜሪካ ዛሬ ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ የሚባለው የሦስት ዓመት ትምህርት እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ባችለር ኦፍ ዲቪኒቲ ይባል ነበር። ትምህርቱ ያው ሆኖ ስሙ ከፍ አለ። ስለዚህ አንድ እጩ በወረቀቱ ራስጌ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ ሊያውቅ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።

አሁን አንዲት እጩ የደረሰባትን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራም፤ ምናልባት ደብዳቤውን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። ይህች ልጅ በሆስፒታል ወይም በጦር ሠራዊት ውስጥ ቻፕሊን፣ ማለትም በተቋሙ ያሉትን ሰዎች የሚያጽናና መንፈሳዊ አገልጋይ፣ ሆና ማገልገል ነበር ምኞቷ። ከመመዝገቧ በፊት ለቅበላ ጽሕፈት ቤቱ ጽፋ ጠይቃለች፦ "ይህ የሁለት ዓመት ዲግሪ ለቻፕሊንነት ይሆነኛል?" የመጣላት መልስ በጣም ጨዋ ነው። ዲግሪው "ለብዙ ዓይነት የአገልግሎት ዘርፎች ጥሩ መሠረት እንደሚሆን" ይገልጻል፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ እየተቃረበ መሆኑንም ያሳስባል። ከመልሱ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድም ቃል የለም። ጥያቄዋን የሚመልስ ቃልም የለም።

ልጅቱ 48 ክሬዲት ጨርሳ በማዕረግ ተመረቀች። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለቻፕሊንነት የሚጠይቀው በነገረ መለኮት ወይም በተዛማጅ ዘርፍ ቢያንስ 72 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት መሆኑን ያወቀችው ቅጹን ልትሞላ ስትቀመጥ ነው። የሚልካት ቤተ እምነት የሚሰጣት የድጋፍ ማረጋገጫም ሌላው የማይቀር መስፈርት ነው። የቀራትን 24 ክሬዲት ልትሞላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስትሄድ ደግሞ ከያዘችው ውስጥ ብዙውን አልቆጠሩላትም። የድርጅት አመራርና የፕሮጀክት ዝግጅት የሚሉ ኮርሶች በብሉይ ኪዳን፣ በቤተ ክርስቲያን ታሪክና በዶግማ ቦታ ሊገቡ አልቻሉም። እንግዲህ ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች ነው። ያ ጨዋ ደብዳቤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢረዝም ኖሮ፣ "ለቻፕሊንነት 72 ክሬዲት ስለሚጠየቅ ሌላውን ዲግሪያችንን ተመልከቺ" ቢል ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

"እኛ የሁሉንም ቤተ እምነት መስፈርት ልናውቅ አንችልም" ትሉኝ ይሆናል። ሁሉንም አላልኩም። ነገር ግን ከደጃችሁ ከሚመጡት አመልካቾች ብዙዎቹ ከጥቂት ቤተ እምነቶች ናቸው፤ የእነዚያ መስፈርት ደግሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እጩዎቿ ዕብራይስጥና ግሪክ እንዲማሩ፣ በእነዚያም ቋንቋዎች መጽሐፍ ቅዱስን እንዲተረጉሙ ትጠይቃለች፤ የሹመት ፈተናም አላት። የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከዲግሪው ሌላ የሆስፒታል ልምምድና በአጥቢያ የሚደረግ የተግባር አገልግሎት ትፈልጋለች። የተባበሩት ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የራሷ የዩኒቨርሲቲ ሴኔት አላት፤ ለሹመት የሚታጩ ሰዎች ሊማሩባቸው የተፈቀዱትን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር የሚያወጣው እርሱ ነው። ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ስመ ጥር ይሁን፣ ሙሉ ዕውቅናም ይኑረው፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ለእጩው አይሆነውም። በሌላው ወገን የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶችን ብናይ፣ ሹመት የአጥቢያው ጉባኤ ጉዳይ ነው፤ ከላይ ሆኖ ዲግሪ የሚያስገድድ አካል የለም። ለእነርሱ እጩ 72 ክሬዲት ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ታዲያ ይህን የሚነግረው ማን ነው?

ከሰሜን አሜሪካ ፕሮቴስታንቶች ሲወጡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ ቀኖና ለክህነት እጩ ቢያንስ ስድስት ሙሉ ዓመት ጥናት ይደነግጋል፤ ሁለቱ ለፍልስፍና፣ አራቱ ለነገረ መለኮት። እጩው ትምህርት ቤት እየዞረ አይመርጥም፤ የሚልከው ጳጳሱ ነው። ሴሚናሪ የሚባለው ተቋም ራሱ ሥርዓት የያዘው በ1563 (እ.ኤ.አ.) የትሬንት ጉባኤ በየሀገረ ስብከቱ እንዲቋቋም ከወሰነ በኋላ ነው፤ ከመነሻውም የጳጳሱ ቤት ነበር። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እጩው መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያኒቱ የመምረጫ ሂደት ያልፋል፤ ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የብዙዎቹ ማሠልጠኛዎች ዲግሪ በዱራም ዩኒቨርሲቲ ስም የሚሰጥ ነው። በጀርመን ወንጌላውያን ዘንድ በተለመደው መንገድ የሚሄድ ተማሪ ላቲን፣ ግሪክና ዕብራይስጥ ይማራል፤ ረጅሙን ጥናት በፈተና ከዘጋ በኋላም በአጥቢያ የሙከራ አገልግሎት ይቀጥላል። ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው "ይህ ምንድን ነው?" ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ የመጀመሪያ ልመናዬ ይህ ነው። በማመልከቻ ቅጻችሁ ላይ፣ ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ፣ አንድ ጥያቄ ይግባ፦ "ከተመረቅህ በኋላ የሚሾምህ ወይም የሚቀጥርህ አካል ማን ነው? የሚጠይቀውን መስፈርት በጽሑፍ አግኝተሃል?" መልሱ "አላውቅም" ቢሆን ሰውየውን አትከልክሉት። እስኪያውቅ ድረስ ግን የሁለተኛ ሴሚስተር ክፍያ አትቀበሉት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ያህል አልጠብቅም። ቢያንስ ጠይቁት።

ስለ ዕውቅና ደግሞ አጠር አድርጌ ልናገር፤ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ የሚያደናግሩ ስላሉ ነው። በሰሜን አሜሪካ የጠቀስኩት ማኅበር አለ። በአፍሪካ ለነገረ መለኮት ትምህርት ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት ከ1976፣ የእስያው የነገረ መለኮት ማኅበር ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሉ። ይህን የመሰሉ አካላት የዕውቅና ዝርዝራቸውን ይፋ ያደርጋሉ። ስለዚህ እጩው ማየት ያለበት የትምህርት ቤቱን መግለጫ ሳይሆን የዕውቅና ሰጪውን ዝርዝር ነው። "ዕውቅና በሂደት ላይ ነው" የሚለው አነጋገር ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል፤ በእርግጥ ግምገማ ላይ ያለው፣ አንድም ቀን ማመልከቻ ያላስገባውም። የመጀመሪያው ከሆናችሁ ያመለከታችሁበትን አካልና ዓመት ጻፉት፤ ምን ያስፈራል? ሁለተኛው የሆኑት ይህን ደብዳቤ እንደማያነቡት አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ደግሞ ዕውቅና ሰጪውንም ራሳቸው ያቋቁሙታል፤ በአንድ ሕንፃ፣ ምናልባትም በአንድ ጠረጴዛ ላይ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት በእውነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ክሊኒካል ፓስቶራል ኤጁኬሽን የሚባለው የተግባር ሥልጠና ነው። መነሻው አንቶን ቦይሰን የተባለ አሜሪካዊ አገልጋይ ነው። ይህ ሰው በ1920 (እ.ኤ.አ.) ራሱ በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ከዳነ በኋላ በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቻፕሊን ሆነ፤ በ1925 ክረምትም ጥቂት የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወደ ክፍሎቹ አስገባ። መጻሕፍቱን እንደምታጠኑት እነዚህንም ሰዎች አጥኑ ነበር ሐሳቡ። ዛሬ አንድ ዙር ሥልጠና ቢያንስ 400 ሰዓት ይወስዳል፤ በሙያው ሙሉ ማረጋገጫ ያለው የሆስፒታል ቻፕሊን ለመሆን በአሜሪካ አራት ዙር ይጠየቃል።

ሥልጠናው ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው የሆስፒታል ጉብኝት ይመስለዋል። አይደለም። ተማሪው ከታማሚው ክፍል ከወጣ በኋላ የተነጋገሩትን በማስታወስ ቃል በቃል ይጽፋል፤ እርሱ ያለውን፣ ታማሚው ያለውን፣ ሁለቱም ዝም ያሉበትን ሳይቀር። ከዚያ በባልደረቦቹና በአሠልጣኙ ፊት ያነበዋል። አንድ ታማሚ "ሌሊቱ አይነጋልኝም" ይላል እንበል። ተማሪው ቀጥሎ የጻፈው የራሱ መልስ "እግዚአብሔር ታማኝ ነው፤ ልጸልይልዎት?" የሚል ነው። አሠልጣኙ በዚህ መስመር ላይ ያስቆመዋል። "ሌሊት ላይ ምን እንደሚሆኑ ለምን አልጠየቅሃቸውም? እዚህ ጋ ምን ፈራህ?" ተማሪው መልሱ ትክክል እንደሆነ ይከራከራል፤ በእርግጥም እግዚአብሔር ታማኝ ነው። ነገር ግን ጸሎቱ ከክፍሉ መውጫ እንደነበረ ቀስ በቀስ ይገባዋል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነገረ ሥቃይን በከፍተኛ ነጥብ ያለፈ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳያልፍ የተመረቀ ሰው ደግሞ ላቡ የሚመጣው አጥቢያ ከተቀበለ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚከፍለው ታማሚው ነው።

ስለዚህ እጠይቃችኋለሁ፦ ከዲግሪያችሁ ውስጥ ይህ ወይም ይህን የመሰለ ሥልጠና ግዴታ የሆነው በየትኛው ነው? አሠልጣኙ ማን ነው? የተግባር ልምምድ የምትሉት ተማሪውን እሑድ እሑድ ወንበር የሚያስደረድር ነው ወይስ ከመጋቢው ጋር ለቅሶ ቤት፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት የሚያስገባ? መግለጫችሁ ላይ "ሰፊ የተግባር ዕድል" ይላል። ስፋቱን በሰዓት ጻፉልን።

ስለ ቋንቋዎቹም አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ጉዳይ ወገንተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ዕብራይስጥና ግሪክን ከማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ ላይ እያነሣችሁ፣ በምትካቸው የመጽሐፍ ቅዱስ መፈለጊያ ሶፍትዌር አጠቃቀም የሚያስተምር ኮርስ የምታስገቡ አላችሁ። ሶፍትዌሩ ጠቃሚ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን አንድ ግሥ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግርህ ፕሮግራም ለምን እንደሚያስፈልግህ አይነግርህም። ሰባኪው ሐተታ በሚጽፉት ሊቃውንት መካከል ክርክር ሲገጥመው ዳኛ ሊሆን የሚችለው ቢያንስ ክርክሩን መከተል ከቻለ ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት በጎልማሶች ምክር አገልግሎት ላይ ያሉና ዲግሪውን ለዚያ ብቻ የሚፈልጉ እናት ለግሪክ ሰዋስው አንድ ዓመት ይስጡ ብዬ አልከራከርም። ለእርሳቸው አጭሩ ዲግሪ በእርግጥ ይሻላቸዋል። ንገሯቸው። አንዳንዴ ከዲግሪም ሰርተፍኬት ይበቃል፤ ይህንንም መናገር የማያሳፍር ትምህርት ቤት ባገኝ ደብዳቤ የምልክለት ሰው አይጠፋም።

የገንዘቡን ነገር ብዙዎቻችን በመንፈሳዊ ቋንቋ እንሸፍነዋለን። "እግዚአብሔር ያዘጋጃል" እንላለን፤ ያዘጋጃልም፤ ባንኩ ግን ብድሩን የሚጠይቀው ከተመራቂው ነው። የአጥቢያ አገልጋይ ደመወዝ ከሐኪም ወይም ከሕግ ባለሙያ ደመወዝ ጋር አይወዳደርም፤ ብድሩ ግን የሙያውን ዓይነት አይጠይቅም። "ሙሉ ነፃ የትምህርት ዕድል" የሚለውን ማስታወቂያ ስናነበው የትምህርት ክፍያውን ብቻ የሚሸፍን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ኪራይ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ መጻሕፍት፣ ትዳር ያለው ከሆነ የባለቤቱ ሥራ መፍታት፣ እነዚህ በማስታወቂያው ውስጥ የሉም። ከሌላ አገር የሚመጣ ተማሪ ደግሞ በቪዛው ምክንያት እንደ ልቡ ሊሠራ አይችልም። ከተመራቂዎቻችሁ ስንቱ ብድር ይዞ እንደሚወጣ፣ ከጀመሩት ስንቱ እንደሚጨርስና በስንት ዓመት እንደሚጨርስ ጻፉልን። በርቀት የምታስተምሩ ከሆነ የሚጨርሱትን ቁጥር ለብቻው አውጡት። ቤተሰቡንና አጥቢያውን ሳይለቅ የሚማር ሰው ብዙ ይጠቅመዋል፤ ብቻውን ማያ ገጽ ፊት ተቀምጦ በሁለተኛው ዓመት የሚያቋርጠውም ብዙ ነው፤ የትኛው ወገን እንደሚበዛ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የተቋሙ ዕድሜም ይጠየቅ። ይህን ስል ሰው ይገረማል፤ ትምህርት ቤት የማይሞት ይመስለዋል። በ1807 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የአንዶቨር ሴሚናሪ በአሜሪካ ከተነሡት የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በ1965 ኒውተን ከሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሐደ፤ በ2017 ደግሞ ግቢውን ትቶ በዬል ዲቪኒቲ ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ገባ። በክብር የተጠለለ ነው። ሌሎች ትንንሾች ግን በክብር የሚጠለሉበት ላያገኙ ይችላሉ። አንድ እጩ ለሦስት ዓመት ከመፈረሙ በፊት "ብትዘጉ ወይም ብትዋሐዱ እኔን ማን ያስጨርሰኛል?" ብሎ ቢጠይቅ እንደ ስድብ አትቁጠሩበት።

የእምነት አቋምን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሃርቫርድ ዲቪኒቲ ትምህርት ቤት ከ1816 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ ቤተ እምነት ያልታጠረ ሆኖ የተቋቋመ ነው። መምህሩ የእምነት መግለጫ የሚፈርምበት ሴሚናሪም አለ። ሁለቱም የራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ አንድን እጩ ወደ መጀመሪያው፣ ሌላውን ወደ ሁለተኛው ልኬ አውቃለሁ። ጉዳት የሚሆነው ሲደበቅ ነው። ትምህርት ቤቱ ሴት እጩዎችን ለአጥቢያ መጋቢነት እንደማያዘጋጅ አንዲት ተማሪ በሁለተኛው ዓመት የስብከት ኮርስ ላይ ማወቅ የለባትም። በመግለጫው በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ወይ አትመጣም ወይ አውቃ ትመጣለች።

ግልባጩ ለተላከላቸው አብያተ ክርስቲያናትም ቃል አለኝ፤ ጣቴን ወደ ሌሎች ብቻ ቀስሬ ልጨርስ አልፈልግም። ብዙዎቻችን የድጋፍ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ "ጥሩ ምግባር ያለው፣ በአገልግሎት የተመሰከረለት" እንላለን፤ ማኅተም እናደርጋለን፤ በቃ። ከተመረቀ በኋላ ምን እንደምናደርግለት አንጽፍም። አንዳንዱ አጥቢያ ልጁን በእልልታ ሸኝቶ ሲመለስ "አሁን ለአንተ የሚሆን ቦታ የለንም" ይለዋል። ሌላው ደግሞ ለሙዚቃ አገልግሎት የሚፈልገውን ሰው በነገረ መለኮት ፒኤችዲ እንዲይዝ ይገፋዋል፤ ስሙ ለአጥቢያው ጌጥ እንዲሆን። ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ አያይዙ፦ የምንሾመው በምን መስፈርት ነው፤ የምንቀበለው ዲግሪ ይህ ነው፤ የምንፈልገው የተግባር ሥልጠና ይህ ነው፤ ከወጪው የምንችለው ይህን ያህል ነው፤ ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ ይህ ነው። "ሥራ አይጠብቀውም" ከሆነም እንዲያ ብለው ይጻፉ። ሰውየው አዋቂ ነው፤ ያውቅበታል።

እናንተ የቅበላ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆናችሁ ብዙ ሥራ እንደምትሠሩ፣ ከበላያችሁም የተመዝጋቢ ቁጥር የሚጠይቅ አለቃ እንዳለ አላጣሁትም። ከመካከላችሁ ለአንድ እጩዬ "ለአንተ እኛ አንሆንህም፤ ወደ እዚያኛው ሂድ" ብላ ስልክ የደወለች አለች። ያንን ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲህ ለሌሎች እጩዎች በሙሉ ልብ እጠቁማለሁ። አንድ ተማሪ አጣች፤ ከእኛ ብቻ ግን ከአንድ በላይ አግኝታለች።

የእኛ ኮሚቴ ከመጪው የማመልከቻ ወቅት ጀምሮ የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጠይቅ ሰው ሁለት ወረቀት አምጣ ይላል። አንዱ የሚሾመው ወይም የሚቀጥረው አካል መስፈርት ነው። ሁለተኛው ከእናንተ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ መልስ ነው፦ ይህ ዲግሪ ያንን መስፈርት ያሟላል ወይስ አያሟላም፤ ካላሟላ የቀረው ምንድን ነው። መልሱ "ለብዙ ዓይነት አገልግሎት ጥሩ መሠረት ይሆናል" የሚል ከሆነ ወደ እናንተ መልሰን እንልከዋለን። ጥያቄው ከማመልከቻው ቀነ ገደብ ቀደም ብሎ እንዲደርሳችሁ እንጥራለን፤ የምትመልሱበትን ሰው ስምና አድራሻ በመግለጫችሁ ላይ ብታወጡልን ሥራው ለሁላችንም ይቀልላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ አጥቢያ የእጩ አገልጋዮች ኮሚቴ አባል